ከፍቺው ማግስት



«ፍቺ በዛ» የሚለው ሮሮ የማይሰማበት ቦታ የለም። በለቅሶ ቤት ይነሳል፤ በሠርግ ድንኳን ሥር ሳይቀር ይነሳል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ሮሮውን ለማስተባበልም ለማጽናትም አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ በሕጋችን መፋታት ቀልሏል፤ ተፋትቶ ድርሻን፣ ልጅንና ቀለብን ይዞ ከችሎት መውጣት ግን አልቀለለም። ትኩረታችን ሁሉ በፍቺው ላይ ነው፤ ሰው የሚጎዳው ከፍቺው በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልመልሳችሁ። በዚያ ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የፍቺ ምክንያትም «ከባድ» እና «ሌላ» ተብሎ ይከፈል ነበር፤ ዝሙት ከከባዶቹ አንዱ ነበር፤ የት እንዳለ ሳይታወቅ ለሁለት ዓመት ቤት ጥሎ መጥፋትም እንዲሁ። ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ንብረቱ ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ስለነበር ሙግቱ ሁሉ «ማን በደለ?» የሚል ነበር። ጎረቤትና የቤት ሠራተኛ ለምስክርነት ይጠሩ ነበር፤ የመኝታ ቤት ገመና አደባባይ ይወጣ ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ወንድና ሴት ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ብዙ ከወተወቱ በኋላ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወጣ። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ሆነ። ምክንያት ማስረዳትም ግዴታ መሆኑ ቀረ። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ትግራይ፣ አማራ፣ ኦሮሚያና የቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ በየራሳቸው ምክር ቤት የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

አሁን ያለው አካሄድ እንዲህ ነው። አንዱ ተጋቢ ብቻውን የፍቺ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ በአንቀጽ 82 መሠረት፣ ዳኛው ሁለቱን በተናጠልም በአንድነትም ያነጋግራል፤ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲስማሙ ይልካቸዋል፤ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። ዕርቅ ካልተገኘ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺውን ይወስናል። በተግባር የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ «አነጋግረናቸዋል፣ አልታረቁም» ይላል፣ ፊርማ ይከተላል። በዚህ ማንም አይደነቅም፤ ፍቺውም በአብዛኛው በጊዜው ይወሰናል።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይራባል። የንብረት ክፍፍል አንድ መዝገብ፣ ቀለብ ሌላ መዝገብ፣ የልጅ አስተዳደግ ሌላ፣ አፈጻጸም ደግሞ የመጨረሻው ይሆናል። እያንዳንዱ ይግባኝ አለው፤ ብዙው ሰበር ድረስ ይዘልቃል። ትዳሩ ራሱ ከሙግቱ ዕድሜ ያነሰበት ሰው ችሎት አካባቢ ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የመዝገብ መብዛት ሁሉ የትዳር መናጋት ምልክት ነው ብዬ አላምንም። ድሮ ተለያይቶ በየፊናው የሚኖር ሰው የፍቺ ወረቀት አያስፈልገውም ነበር። ዛሬ ቤት ሲሸጥ ሰነዶች ማረጋገጫ «ያላገባ ማስረጃ አምጣ» ይለዋል፤ ባንክ ለብድር የትዳር ጓደኛ ፊርማ ይጠይቀዋል፤ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅም አለ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ጋብቻም ፍቺም በወሳኝ ኩነትነት እንዲመዘገብ አዝዟል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት የሞተ ትዳር ዛሬ ለመቀበር ፍርድ ቤት ይመጣል።

ይህ የቆየ ትዳር ጉዳይ ሰበር ሰሚ ችሎትንም ፈትኖታል። በመዝገብ ቁጥር 20938 ችሎቱ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ከኖሩና የየራሳቸውን ሕይወት ከመሠረቱ፣ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል የሚል አቋም ያዘ። የሰበር ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። ይህ አቋም ፍቺን ፍርድ ቤት ብቻ ይወስናል ከሚለው አንቀጽ ጋር ይጋጫል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ባሏን ስትጠብቅ፣ ቤቱን ስትጠብቅ የኖረች ሴት «ትዳርሽ ሳታውቂው ፈርሷል» ስትባል የሚደርስባት ጉዳት ትንሽ አይደለም። በሌላ በኩል ባልየው ኋላ ያገባት ሁለተኛዋ ሴትም ልጅ ወልዳ፣ ቤት ሠርታ ይሆናል። ሕግ አውጪው ይህን ሁኔታ በግልጽ አንቀጽ ቢገዛው ኖሮ ዳኛ ባልተጻፈ መንገድ ባልሄደ ነበር።

ከሁሉ የከረረው ግን የቤት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአዋጁ አንቀጽ 62 እና 63 መሠረት፣ በትዳር ጊዜ ከጉልበት የተገኘውም ሆነ ከግል ንብረት የሚመነጨው ገቢ የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተብሎ ይገመታል። እስቲ አንድ የአዲስ አበባ ምሳሌ እንውሰድ። ሰውየው በ1997 ዓ.ም. ላጤ ሳለ ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበ። በ2000 አገባ። በ2005 ዳግም ምዝገባ ሲካሄድ እንደ ነባር ተመዝጋቢ ቀረበ። ከዚያ ዕጣ ወጣለት፤ ቅድሚያ ክፍያው ከእናቱ በተሰጠው ገንዘብ ተከፈለ፤ ወርሃዊው የባንክ ዕዳ ከባልም ከሚስትም ደመወዝ ተከፈለ። በ2012 ተፋቱ። ቤቱ የማን ነው? ምዝገባው መብት ነው ወይስ ተስፋ? የእናት ስጦታ ለልጃቸው ነው ወይስ ለቤቱ? በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል የሚሆነው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው የሚለውን አንቀጽ 58 ከመቶ ተጋቢ ስንቱ ሰምቶታል? በሰላሙ ጊዜ «ይህ የእኔ ነውና ይጽደቅልኝ» ብሎ ችሎት የሚቆም ባል ወይም ሚስት እስካሁን አልገጠመኝም።

ድርሻው ተለይቶም አያበቃም። ስቱዲዮ ወይም ባለአንድ መኝታ ቤት ለሁለት አይከፈልም። አንዱ ግማሹን ዋጋ ከፍሎ ካላስቀረ ሐራጅ ይወጣል። ግምቱ በአንዱ ዓመት ተሠርቶ ሐራጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲካሄድ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ በዚህ መሃል የተፋቱት ሰዎች አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤት ይዘው ወጥ በየራሳቸው እየሠሩ ይኖራሉ። አቅም ያለው ወገን መጠበቅ ይችላል። ልጅ የያዘችው፣ ኪራይ የምትከፍለው ግን አትችልም፤ ስለዚህ ከድርሻዋ ባነሰ ገንዘብ ተስማምታ ትወጣለች። ችሎቱ ይህን «ስምምነት» ብሎ ያጸድቃል።

አንቀጽ 82 ዳኛው አቤቱታው እንደቀረበ ስለ ተጋቢዎቹና ስለ ልጆቹ ቀለብ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህ ከአዋጁ ድንጋጌዎች ሁሉ ይበልጥ ለደካማው ወገን የሚጠቅም ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ትዕዛዙ ሳይጠየቅ፣ ተጠይቆም በቀጠሮ እየተንከባለለ ያልፋል። ጠበቆች ሆይ፣ በመጀመሪያው አቤቱታችሁ ውስጥ ጠይቁት።

ስለ ልጆች ስናወራ የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 መነሳት አለበት። እናቷን ሞት የነጠቃትን ሕፃን አክስቷ አሳደገቻት፤ ኋላ አባት «በሕግ አሳዳሪዋ እኔ ነኝ» ብሎ መጣ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር በ2000 ዓ.ም. ሻረው፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ ከወላጅ መብት በፊት የልጁ ጥቅም ይታያል አለ። ትልቅ ውሳኔ ነው። ግን የልጁን ጥቅም ዳኛው በምን ያውቀዋል? የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ ያጣራበት መዝገብና ወላጆች በየተራ የተካሰሱበት መዝገብ አንድ ዓይነት ፍርድ አይወልዱም።

ቀለብን በተመለከተ ችግሩ ግልጽ ነው። በደመወዝ የሚኖረው አባት ከመሥሪያ ቤቱ ይቆረጥበታል። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ደላላው «ገቢ የለኝም» ይላል፤ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በእናት ላይ ይወድቃል። የተወሰነውም ገንዘብ በብር ቁጥር ታስሮ ይቀራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከዚያ በፊት የተወሰነ ቀለብ የመግዛት አቅሙ ቀለለ። ሕጉ ሁኔታ ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል ይፈቅዳል፤ ግን አዲስ አቤቱታ፣ አዲስ ቀጠሮ፣ አዲስ የትራንስፖርት ወጪ ያስፈልጋል። ፍርዱ ሲሰጥ ከመነሻው በየዓመቱ የሚታይበትን መንገድ አብሮ ቢያስቀምጥ ምን ይከለክላል?

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ጉዳይም ወደዚሁ ይገባል። ከጅዳ ወይም ከቤይሩት በሰው እጅ የላከችው ገንዘብ በባሏ ወንድም ስም ቤት ሆኖ ያገኘች እህት ደረሰኝ የላትም። በቨርጂኒያ ፍቺ የተወሰነለት ሰው የውጭውን ፍርድ እዚህ ለማስፈጸም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ የተቀመጡትን መሥፈርቶች ማለፍ አለበት። ልጅን ይዞ ድንበር የተሻገረ ወላጅ ሲያጋጥም ደግሞ አገራችን እ.ኤ.አ. የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም፤ የሚቀረው አድካሚው የፍርድ ቤት መንገድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሽምግልናችን ያለ ቦታው የተቀመጠ ይመስለኛል። በሰማንያ ጋብቻ ዘመን ሽማግሌ ያስታርቅ ነበር፤ ካልሆነ ግን ከብቱንና ዕቃውን ቆጥሮ የሚያካፍለውም እሱ ነበር። ዛሬ ለማይታረቁ ሰዎች ዕርቅ እንዲያመጣ እንልከዋለን፤ በእውነት ሊረዳ በሚችልበት በክፍፍሉ ጊዜ ግን አናየውም። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አምጥቷል። ይህን መንገድ ከፍቺው በፊት ከማባከን ይልቅ ከፍቺው ማግስት እናውለው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲሆን ሁለቱም ያላቸውን ቤት፣ ተሽከርካሪ፣ የባንክ ሒሳብ፣ አክሲዮን፣ ዕቁብና ዕዳ ዘርዝረው በመሐላ ያቅርቡ፤ የቤቱ ግምት በዚያው ወር ይሠራ፤ አስማሚው ዝርዝሩን ይዞ ይቀመጥ። የደበቀ ከተገኘ የተደበቀው ንብረት ላይ ድርሻው ይቀነስ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ከመጨረሻው በስተቀር አብዛኛው በመመሪያ የሚሠራ ነው።