አሮጌው ጌም በአዲሱ ኮንሶል



ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በሆዱ የቀዳሚውን ፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር ይዞ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር በአዲስ ጌም ጊዜ የመቆጣጠሪያዎቹን መልእክት ያስተናግዳል፤ የቀደመው ዘመን ዲስክ ሲገባ ግን ወደ ጥንቱ ሥራው ተመልሶ ጌሙን ራሱ ያስኬዳል። ገዢው የነበረውን ሳይጥል አዲሱን አገኘ። በሙያው ከማውቃቸው ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

በ2006 በጃፓንና በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 3ም የፕሌይስቴሽን 2ን ቺፖች አካትቶ ነበር። ነገር ግን ባለ 60 ጊጋባይቱ ዋጋ 599 ዶላር ነበር፤ ወጪው መቀነስ ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ የገባው ሞዴል የፕሌይስቴሽን 2ን ዋና ፕሮሰሰር አጣ፤ ጉድለቱንም በሶፍትዌር ለመሙላት ተሞከረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጣው ባለ 40 ጊጋባይት ሞዴል የፕሌይስቴሽን 2ን ዲስክ ጨርሶ ማጫወት ተወ።

ችግሩ የምህንድስናም እንደሆነ አልክድም። የፕሌይስቴሽን 3 ጌሞች ሴል ለተባለ እንግዳ አሠራር ላለው ፕሮሰሰር የተጻፉ ናቸው። በ2013 ፕሌይስቴሽን 4 በግል ኮምፒውተሮች ወደተለመደው የፕሮሰሰር ዓይነት ሲሻገር እነዚያ ጌሞች ወደኋላ ቀሩ። ፕሌይስቴሽን 5 የፕሌይስቴሽን 4ን ጌሞች ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚያጫውተው የዚያው ዘር ስለሆነ ነው።

ሆኖም ማይክሮሶፍት ያደረገውን እንመልከት። የኤክስቦክስ 360 ፕሮሰሰር ከኤክስቦክስ ዋን ፈጽሞ የተለየ ነው። መሐንዲሶቹ ግን አሮጌውን ማሽን በአዲሱ ላይ በሶፍትዌር አስመሰሉት፤ ከ2015 ጀምሮም በመቶዎች የሚቆጠሩ ጌሞች መሥራት ቻሉ። የገባው ዲስክ የባለቤትነት ማስረጃ ሆነ፤ ለአዲሱ ማሽን የተዘጋጀው ቅጂ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ለዚህ ግን የእያንዳንዱ ጌም አሳታሚ መፍቀድ ነበረበት። አንዱ ኩባንያ ፈርሷል፤ በሌላ ጌም ውስጥ ያለው ዘፈን የፈቃድ ዘመኑ አልፏል። ማይክሮሶፍት በኅዳር 2021 ከ70 በላይ ጌሞች ጨምሮ ሥራውን ሲዘጋ፣ ከቴክኒኩ ገደብ ጋር የፈቃድና የሕግ ጉዳዮችን በምክንያትነት ጠቀሰ። መሐንዲሱ በከፈተው በር ሕግ ቆሞበታል ማለት ነው፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው በወቅቱ በሽያጭ ላይ አልነበሩም። በየምድር ቤቱ ያሉት አሮጌ ማሽኖችም ይበላሻሉ። ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጌሞችን ለተመራማሪዎች በርቀት ለማቅረብ ፈቃድ ጠየቁ። የአሳታሚዎቹ ማኅበር ተቃወመ፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም በጥቅምት 2024 ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ።

ውሳኔው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። አሳታሚ አትርፎበት መሸጥ የተወውን ሥራ ተመራማሪ እንዳያየው መከልከል ማንንም አይጠቅምም። ጥያቄው በሚቀጥለው የሕግ ግምገማ እንደገና ሊቀርብና ሊፈቀድ ይገባል።