ከሣቁ በስተኋላ የቆመው ወንድም
(ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድምፅ አልባው ሲኒማ በተነሣ ቁጥር የቻርሊ ቻፕሊንን ስም የማያነሣ የለም። እኛ ግን ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ስሙ እምብዛም ስለማይጠራው ስለ ታላቅ ወንድሙ ስለ ሲድኒ ነው።

በእናት የሚገናኙት እነዚህ ወንድማማቾች፥ ሲድኒ እ.ኤ.አ. በ1885፥ ቻርሊ በ1889 ተወለዱ። እናታቸው ሐና የመድረክ ዘፋኝ ነበረች፤ ጤናዋ ሲታወክ ግን ቤተ ሰቡ ለችግር ተዳረገ። በ1896 ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ጋራ በሎንዶን ከድኾች መጠጊያ ገቡ። በዚያው ዓመት ሲድኒ መርከበኝነት ወደሚሰጥበት የማስተማሪያ መርከብ ተላከ። በ1903 ከባሕር ሥራው ሲመለስ እናቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብታ፥ የ14 ዓመቱ ቻርሊ ብቻውን ቀርቶ አገኘው። አባትየው ከ2 ዓመት በፊት ሞቷልና የቤቱ ሸክም በሲድኒ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሲድኒ በ1906 በፍሬድ ካርኖ የቀልድ ቡድን ተቀጠረ። የራሱን እንጀራ ካገኘ በኋላም ወንድሙን አልረሳም፤ አለቃውን ለምኖ በ1908 ቻርሊን አስገባው። ቻርሊ በኋላ ወደ አሜሪካ የተሻገረውና በ1914 በፊልም የታየው በዚህ በር ገብቶ ነው።

ሲድኒ ራሱም በ1915 በፊልም ተወዳጅ ቀልደኛ ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ የራሱን ጨዋታ ወደ ጎን ትቶ የወንድሙን ጉዳይ ያዘ፤ በ1916 ከአንድ የፊልም ኩባንያ ጋራ ተደራድሮ በዓመት 670,000 ዶላር የሚያስገኝ ውል አስፈረመለት።

በ1918 በወጣው «የውሻ ኑሮ» በተባለው ፊልም ሁለቱ አብረው ይታያሉ። ሲድኒ የምግብ ሻጭ ነው፤ ቻርሊ ደግሞ የተራበ ሥራ ፈት። ሻጩ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ቻርሊ ከሳሕኑ ኬክ እያነሣ ይውጣል፤ ሲመለከተው ምንም እንዳላደረገ ሰው ይቆማል። ተመልካቹ በሣቅ ይፈርሳል። ታሪካቸውን ያወቀ ግን ሌላም ነገር ያያል፤ ረኀብን አብረው የቀመሱ ወንድማማቾች በረኀብ ሲቀልዱ ነው።

ሲድኒ በ1965 ያረፈው ቻርሊ 76 ዓመት በሞላበት ዕለት ነበር።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከመካከላችን እኛ እንድንማር የራሳቸውን ትምህርት ያቋረጡ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ያሉን ብዙዎች ነን። ነገ ስማችን በተጠራ ጊዜ የእነርሱንም ስም አብረን እንጥራ።