ዓይናችንን ሳይመሽ እናስመርምር
(በካኩማ ካምፕ ለወላጆችና ለብሎክ ነዋሪዎች በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ የስደተኛ መምህር ያቀረቡት ንግግር)



እንደምታውቁት እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስለ ዓይን ለመናገር የተነሣሁት ጥፋት ስለ ሠራሁ ነው።

ባለፈው ዓመት በክፍሌ ውስጥ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ከሰሌዳ ገልብጥ ሲባል የጎረቤቱን ደብተር ያያል። ዓይኑን ሲያጨናብስ እያሾፈብኝ ይመስለኝ ነበር። ሰነፍ ነው ብዬ ደጋግሜ ገሠጽኩት፤ አንድ ቀንም በጓደኞቹ ፊት አንበረከክሁት። በኋላ አንዲት የጤና ሠራተኛ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥታ በ6 ሜትር ርቀት ላይ የመመርመሪያ ሰሌዳ ሰቀለች። ልጁ ከትልቁ ፊደል በቀር አንዱንም መለየት አልቻለም። መነጽር ታዘዘለት። መነጽሩን አድርጎ ክፍል በገባበት ቀን «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ነበር እንዴ የሚጽፉት?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የምገባበት ጠፋኝ። ልጁ ዛሬ ከወላጆቹ ጋር እዚህ ተቀምጧል፤ በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ወገኖቼ፣ የዓይን ሕክምና በሦስት ይከፈላል፤ መነጽር፣ መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና።

በመነጽር ልጀምር። ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን የማያይ ልጅ አለ፤ ችግሩን ግን አይናገርም፤ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለዋልና። ደብተሩን ወደ ፊቱ የሚያስጠጋ፣ ራሱን የሚያመውና ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ካላችሁ አስመርምሩት። ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታችሁ ደግሞ የቅርብ መነጽር ሊረዳችሁ ይችላል። «መነጽር ዓይን ያደክማል» የሚባለው እውነት አይደለም። ሆኖም መነጽር የሚሠራው በልክ ስለሆነ የሰው መነጽር ተውሶ ማድረግ አይገባም።

ሁለተኛው በመድኃኒት የሚድነው ነው። ከእነዚህም አንዱ በብዙዎቻችን ቤት የሚታወቀው ትራኮማ ወይም የዓይን ማዝ ነው። በሽታው በዓይን በማይታይ ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን በእጅ፣ በፎጣና በነጠላ ጫፍ፣ እንዲሁም በልጆች ፊት ላይ በሚያርፉ ዝንቦች አማካይነት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ውስጥ ከ10ሩ 4ቱ ያህል ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። የምንኖርበት የቱርካና ምድርም ትራኮማ ሲያጠቃው የኖረ ነው። መድኃኒቱ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን ወይም የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው። ቅባቱ በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንታት ይቀባል። ዓይኑ የዳነ ቢመስልም ማቋረጥ አይገባም። ከመድኃኒቱ እኩል የሚጠቅመው የልጆችን ፊት ማጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀምና ቆሻሻን ማስወገድ ነው። ውኃ በወረፋ በሚገኝበት ካምፕ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የልጅ ፊት ለማጠብ አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃል።

በዓይን ውስጥ የቅጠል ጭማቂ፣ ወተት ወይም ከሱቅ ያለ ትእዛዝ የተገዛ ጠብታ አትጨምሩ። ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች መቅላቱን ለጊዜው ቢያጠፉም ያለ ሐኪም ቁጥጥር ሲወሰዱ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርገው ብርሃን ሊያሳጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ትራኮማ ለዓመታት ሲመላለስ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። እናቶቻችን በወረንጦ ሲነቅሉት ኖረዋል፤ የተነቀለው ግን መልሶ ያድጋል። ቆቡን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቻላል።

የዓይን ሞራ ደግሞ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲጨልም የሚመጣ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ጥናት በአገራችን ከታወሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በዚህ ምክንያት መታወራቸውን አሳይቷል። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። «ሐኪሞች ዓይን አውጥተው ይመልሳሉ» እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ፤ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ዓይኑ ይደነዝዛል፤ የጨለመው ሌንስ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ቤቱ ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የብሎካችን እናት ለዚህ ቀዶ ሕክምና ተመዝግበው ነበር። ቀጠሮው ከራሽን ቀን ጋር ገጠመ። «ራሽኔን ማን ይቀበልልኛል? ማንስ እጄን ይዞ ይወስደኛል?» ብለው ቀሩ። ሌላ ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ብዙ ወራት የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀርታ በበትር ስትመራቸው ኖረች። ስለዚህ በአንድ ቀጠሮ መቅረት የሁለት ሰው ዕድል ተበላሸ። ይህን ያህል ቅርብ ሆነን ሳለን እኛም ጎረቤቶቻቸው አልጠየቅናቸውም።

ግላኮማ የሚባለው በሽታ ግን ከሞራ ይለያል። ብዙውን ጊዜ ሕመም ሳይኖረው ብርሃንን ቀስ በቀስ ይወስዳል። የወሰደውንም አይመልስም። የሐኪም ሥራ የቀረውን ማዳን ነው። ከቤተሰባችሁ በዚህ በሽታ የታወረ ሰው ካለ ሕመም ባይሰማችሁም ተመርመሩ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውም አሉ። ድንገት ብርሃን ከጠፋ፣ ዓይን ከቀላና አጥብቆ ካመመ፣ በእንጨት ወይም በድንጋይ ከተመታ፣ የሕፃን ብሌን ነጥቶ ከታየ፣ አዲስ የተወለደ ልጅ ዓይን መግል ካወጣ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ኖራ ወይም በረኪና ከገባ ግን በመጀመሪያ ሳታቋርጡ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ ከዚያ ሩጡ።

በመጨረሻም ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ወላጆች፣ የልጆቻችሁን ዓይን አስተውሉ። የብሎክ ተጠሪዎች፣ ለቀዶ ሕክምና የተጠራ ሰው ራሽኑን የሚቀበልለትና አብሮት የሚሄድ ሰው መድቡ። መምህራን ባልደረቦቼ፣ ልጅን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ከፊት ወንበር አስቀምጡትና ደግማችሁ ጠይቁት። ይህን አስቀድሜ ባደርግ ኖሮ ያ ልጅ ባልተንበረከከ ነበር።