ከቅርንጫፍ ቁራጭ ስለሚበቅሉ የጓሮ ተክሎች



ለሥራ ወደ ላሊበላ ተዛውራችሁ ግቢ ያለው ቤት የተከራያችሁ እንደሆነ፥ ጽጌረዳ፥ ሮማን ወይም ወይን ለመትከል ዘር መፈለግ አያሻችሁም። ከጎረቤት የምትለምኑት አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል። ከዘር የበቀለው ብዙ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል፤ ከቅርንጫፍ የጸደቀው ግን አበባውም ሆነ ፍሬው ልክ እንደ እናቲቱ ነው።

በላስታ ደጋ ዝናቡ በአብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ቁራጩ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መባቻ ካልተተከለ፥ በቂ ሥር ሳይሰድ መስከረም ይጠባል። ከዚያ በኋላ የሌሊቱ ውርጭና የበጋው ድርቀት ይተባበሩበታል።

እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን፥ ዓመት የሞላውን እንጨት ምረጡ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ቀጥ፥ የላይኛውን ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ይኸውም ላይና ታቹ እንዳይምታታባችሁ ነው። ሥር የሚያበቅለው ንጥረ ነገር ከእንቡጡ ወደ ታችኛው ጫፍ ስለሚወርድ፥ ተዘቅዝቆ የተተከለ ቁራጭ እምብዛም አይጸድቅም። ከርዝመቱም ሁለት ሦስተኛው በአፈር ይቀበር።

የላሊበላ ጓሮ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አፈሩ ስስ፥ ከሥሩም ዓለት በሆነበት ቦታ የክረምቱ ውሃ ይቋጠርና ቁራጩን ያበሰብሰዋል። አብያተ ክርስቲያናቱን የፈለፈሉት ጥበበኞች እንኳ ለዝናቡ ውሃ መውረጃ ቦይ ከዓለቱ ጠርበውለታል። እናንተም መደቡን ከፍ አድርጉ፥ አሸዋ ቀላቅሉበት፥ ውሃውም የሚወጣበትን አብጁለት።

ቁራጩ በሁለት ሳምንት ቅጠል ቢያወጣ አትቸኩሉ። ቅጠሉ የወጣው በእንጨቱ ውስጥ በተቀመጠው ስንቅ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ገና ነው። «ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም» እያሉ መነቅነቅ ለጋውን ሥር መበጠስ ነው።

ጽድና ወይራ በዚህ መንገድ በቀላሉ አይጸድቁም። ስለዚህ በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ካለው የጽድ ደን ወይም ከየደብሩ ቅጽር ቅርንጫፍ ዘንጥሎ መውሰድ፥ ዛፉን ከማቁሰል በቀር ትርፍ የለውም። እነዚህን የሚሻ ሰው በዘር የፈላ ችግኝ ይጠይቅ። ለአጥር ከሆነ ግን ኮርች አለላችሁ፤ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ጉማጅ ሳይቀር ይጸድቃል፥ ሥሩም አፈሩን ያዳብራል። በክረምቱ መግቢያ ጉማጁን በመስመር ቸክሉት፤ ሥር እስኪይዝም ከብት እንዳይታከክበት በእሾህ ከልሉት።