የመንገድ ዳር ሰሌዳና ያልተነገረው መነሻ



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት በየመንገዱ ዳር ቆመው የቦታን ስም፣ ርቀትና ከፍታ ስለሚነግሩን ሰሌዳዎች ነው። ሰሌዳው ቁጥሩን ይነግረናል፤ ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እንደ ተቆጠረ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም። የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ «አራት ኪሎ»፣ «ስድስት ኪሎ» እያለ ይመላለሳል፤ ኪሎ ሜትሩ ከየት እንደሚጀምር ቢጠየቅ ግን ፈጥኖ የሚመልስ ጥቂት ነው።

ይህ በከተማ ውስጥ ብዙ አይጎዳም። ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ ግን ያስቸግራል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችውን አሶሳን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት በአንዱ ጽሑፍ 661፣ በሌላው 670፣ በሦስተኛው 687 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይገኛል። ይህ ማለት ግን የግድ ሁለቱ ሐሰት ናቸው ማለት አይደለም። አንዱ ከመሐል ከተማ፣ ሌላው ከከተማው መውጫ ለክቶ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ሲታደስም ጠመዝማዛው ስለሚቃና ርቀቱ ይለወጣል። ችግሩ የሚመጣው የነዳጁን ሒሳብ የሚመዘግበው ጸሐፊ አንዱን ቁጥር ይዞ፣ ሾፌሩ በሌላው ሲከራከር ነው።

የከፍታም ነገር እንዲሁ ነው። በዚያው ክልል በጉባ የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቁመት 145 ሜትር ነው። ሐይቁ ሲሞላ ደግሞ ውሃው 640 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ነገሩን ያልመረመረ ሰው ውሃው ግድቡን በአራት እጥፍ የሚበልጥ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ፊተኛው ቁጥር ከግድቡ መሠረት፣ ኋለኛው ከባሕር ጠለል ተነሥቶ የተለካ ስለ ሆነ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ከሰሌዳው አልፈን ወደ ካርታ ብንሄድ ነገሩ ይከብዳል። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች የተለኩት አዲንዳን ከሚባል፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ ካለ የኑብያ ስፍራ ተነሥቶ ነው። የአዲንዳን መንደር ራሱ የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ በውሃ ተውጧል። የዛሬው የሳተላይት መለኪያ መሣሪያ ግን ልኩን የሚጀምረው ከምድር እምብርት ነው። ስለዚህ ከአሮጌው ካርታ ቁጥር ገልብጦ ሳያስተካክል በመሣሪያው የሚፈልግ ባለሙያ፣ ከእውነተኛው ስፍራ ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ይቆማል። በእርሻ ወሰን ላይ ይህን የሚያህል ስሕተት ጎረቤትን ከጎረቤት አጣልቶ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሰሌዳ የሚያስጽፍም ሆነ መዝገብ የሚይዝ ሠራተኛ፣ ከቁጥሩ አጠገብ «ከዚህ አደባባይ»፣ «ከባሕር ጠለል በላይ»፣ «በአዲንዳን ልክ» የሚል አጭር ቃል ቢጨምር ይበቃል። ምስክር በዳኛ ፊት ሲቀርብ ያየውን ብቻ ሳይሆን የት ቆሞ እንዳየውም ይጠየቃል። ቁጥርም እንደዚሁ ሊጠየቅ ይገባዋል።