ሐኪሙ ቅርብ፣ ክትትሉ ያልተቋረጠ
ስለ ሕፃናት የትኩረት ማነስ ችግርና ስለ መድኃኒቱ ክትትል፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በየአጥቢያችን «ቀዥቃዣ»፣ «አልሰማ ባይ» እየተባሉ የሚያድጉ ሕፃናት አሉ። መምህሩ ሲያስተምር ልባቸው ይሸፍታል፤ የተላኩበትን ረስተው ይመለሳሉ፤ ተራ መጠበቅ ያቅታቸዋል። ሕፃን ሁሉ ይሮጣል፣ ይረብሻል፤ ይህ የልጅነት ጠባይ ነው። ሆኖም ሁኔታው ከእኩዮቹ እጅግ ሲበልጥ፣ ከ6 ወር በላይ ሲቆይ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲታይና ኑሮውን ሲያሰናክል፣ ሐኪሞች የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ይሉታል፤ በምሕጻር ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይባላል። በዓለም ላይ ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። ችግሩ ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ እንጂ ከወላጅ ቸልተኝነት ወይም ከልጁ ክፋት የሚመነጭ አይደለም። ስለዚህም ዱላ አይፈውሰውም።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የእነዚህን ሕፃናት የመድኃኒት ክትትል ማን ያከናውን?

ከዘጌ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ባሕር ዳር ትመጣለች እንበል። የመጓጓዣ ትከፍላለች፤ የዕለት ሥራዋን ትተዋለች፤ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ተራዋን ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ ይህን ማድረግ ትችል ይሆናል። በየወሩ መመላለስ ግን ከአቅሟ በላይ ነው፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እንዲህ እያለ የተጀመረው ሕክምና በመካከል ይቀራል።

ለዚህ ችግር በብዛት የሚታዘዘው መድኃኒት ሜቲልፌኒዴት ይባላል። ችግሩን ከሥሩ አይነቅልም፤ ለተወሰኑ ሰዓታት ትኩረትን ያግዛል። የምግብ ፍላጎትን ሊቀንስ፣ እንቅልፍን ሊያውክ፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የልጁ ክብደትና ቁመት በየጊዜው መለካት፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ መታየት አለበት። ልብ እንበል! ይህ ክትትል በአብዛኛው ሚዛንን፣ የቁመት መለኪያንና የደም ግፊት መሣሪያን የሚጠይቅ ነው። እነዚህን ለመጠቀም ዘወትር ወደ ስፔሻሊስት መሄድ አያስፈልግም። በእንግሊዝ አገር ስፔሻሊስቱ መርምሮ መድኃኒቱን ያስጀምራል፤ መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ የቤተሰብ ሐኪሙ ይከታተላል፤ ችግር ሲገጥም መልሶ ይልካል።

በእኛስ አገር ይቻላልን? ሁለት ነገሮችን እናስታውስ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በሆስፒታሎች ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጤና ጣቢያዎች ወረደ፤ የጤና መኮንኖችና ነርሶችም ክትትሉን ተረከቡ። ሁለተኛው የአእምሮ ጤናን የሚመለከት ነው። በጉራጌ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ከ300 በላይ ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የታከሙት በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከታከሙት ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ሕፃናትና ስለ ሜቲልፌኒዴት አልነበረም፤ ነገር ግን ሥልጠናና ድጋፍ ካለ ጤና ጣቢያ ከባድ አደራ መሸከም እንደሚችል ይመሰክራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ትምህርትም ለዚህ ዓይነት አገልግሎት የተመቹ ሐኪሞችን ያፈራል።

«ጤና ጣቢያው በሥራ ተጨናንቋል፤ ሕመሙን በስህተት ለይቶ መድኃኒት ቢሰጥስ?» የሚል ስጋት ይነሣ ይሆናል። ስጋቱ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ስፔሻሊስት ያልሆነ ባለሙያ ይህን መድኃኒት ስፔሻሊስት ሳያማክር እንዳይጀምር ያሳስባል። መድኃኒቱ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱም አይገኝም። ስለዚህ የምንለው ጤና ጣቢያ ብቻውን ይጀምር አይደለም። የጀመረው ስፔሻሊስት በጽሑፍ ይላክ፤ የቅርቡ ሐኪም ይለካ፣ ይመዝግብ፣ ሲያጠራጥረው ይደውል ነው የምንለው። ከመድኃኒቱ በፊትም የቅርቡ ሐኪም ብዙ ሥራ አለው። በሚገባ የማይሰማ ወይም የማያይ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም የተራበ ልጅም ትኩረት የሌለው ይመስላልና እነዚህን መለየት ይኖርበታል። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ ቀዳሚው ሕክምና ወላጆችን ማሠልጠን ነው።

ክቡራን አባቶች፤ አሁን ወደ እኛ ድርሻ ልመለስ። በጣና ዙሪያ ላለ ምእመን ከሐኪም በፊት የሚደረሰው ካህኑ ዘንድ ነው። ወላጅ ልጁን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጸበል ይሄዳል። ይህ እምነቱ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጽ ተናግረዋል። ያ ትምህርት ለአእምሮ ሕክምናም ብርሃን ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮችን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በጸበል ቦታ «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕይወትን የሚያሳጣ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጸበል በባዶ ሆድ ይጠጣልና የመድኃኒቱ ሰዓት ከጸበሉና ከጾሙ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ወላጅ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለምሳሌ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል አብዛኛውን ጊዜ ማታ ስለሚወሰድ ለሁለቱም ይመቻል። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለትም የንስሐ አባት ያስረዳ።

ሦስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤው ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ጋር ይነጋገር፤ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ መኖሩንና የክትትሉን ቀን ይወቅ፤ ከሌለም ወረዳውን ይጠይቅ። ለድሃ ወላጅ የመጓጓዣ ወጪ ከምጽዋቱ ገንዘብ ጥቂት ይመድብ። የማንም ልጅ ሕመም ግን በጉባኤ አይነገር፤ ምስጢሩ ይጠበቅ።

አራተኛ፣ የአብነትና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ ከፊት ያስቀምጡት፤ ትምህርቱን በአጭር በአጭሩ ይስጡት፤ መልካም ሲሠራ ወዲያው ያመስግኑት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።

ስፔሻሊስቶች ወደ እያንዳንዱ ደሴትና ቀበሌ እስኪደርሱ ከጠበቅን፣ አሁን የ7 ዓመት ሕፃን የሆነው ልጅ በስንፍና ተከሶ ከትምህርት ገበታ ይወጣል። ጤና ጣቢያው መለኪያው አለው፤ አጥቢያው የምእመናን አመኔታ አለው። ሁለቱ ከተገናኙ ልጁ ሕክምናውን ሳያቋርጥ ያድጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።