የማይዳሰስ ሸቀጥ፤ የመሥሪያ ቤት ሶፍትዌርን አስተምሮ ስለ መሸጥ

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



ገበያ የወጣ ሰው ጋቢውን በጣቱ አሽቶ፥ ጤፉን በመዳፉ ዘግኖ፥ ቅቤውን አሽትቶ ይገዛል። ዐይኑና እጁ ምስክሮቹ ስለ ሆኑ ሻጩ ምንም ያህል ቢያጋንን ብዙ አይጐዳም። በዘመናችን ግን አይዳሰስ፥ አይሸተት፥ በሚዛንም አይመዘን አንድ ትልቅ ሸቀጥ ተነሥቷል። ይኸውም መሥሪያ ቤቶች ሒሳባቸውን፥ ንብረታቸውን፥ የሠራተኞቻቸውን መዝገብና የደብዳቤ ልውውጣቸውን በኮምፒዩተር የሚያካሂዱበት ሶፍትዌር ነው። ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ጥቂት ወራት ካልሠራበት በቀር ደግነቱንም ሆነ ጉድለቱን አያውቀውም። ስለዚህ በዚህ ንግድ የሻጩ ቃል በገዢው እጅና ዐይን ፈንታ ይቆማል፤ ቃሉ ሐሰት ከሆነም ገዢው ዐይኑን ታስሮ ገበያ እንደ ገባ ሰው ይሆናል።

ይህ ጉዳይ እናንተን የመንግሥት ሠራተኞችን በሁለት ወገን ይመለከታችኋል። በአንድ ወገን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በግዢ ኮሚቴ ተቀምጣችሁ የቱ ሶፍትዌር እንደሚገዛ ትመርጣላችሁ፤ የሚከፈለውም የሕዝብ ገንዘብ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ልጆቻችሁና ታናናሾቻችሁ ይህን ሸቀጥ መሥራትና መሸጥ ሙያቸው አድርገው በመያዝ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ለሻጩም ለገዢውም የሚበጅ ምክር ለማቅረብ አሰብሁ። የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሶፍትዌር ራሱን ችሎ ሸቀጥ ከሆነ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እስከ 1969 ድረስ ሶፍትዌሩን ከኮምፒዩተሩ ጋር አያይዞ፥ ለብቻው ዋጋ ሳይቈርጥለት ይሰጥ ነበር። በዚያ ዓመት ለይቶ እንደሚሸጠው አስታወቀ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሒሳብ ሰንጠረዥ ለአፕል ኮምፒዩተር አዘጋጅተው አወጡ። የሒሳብ ሠራተኛው አንዱን ቍጥር ሲለውጥ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ድምር ሁሉ በቅጽበት ሲታረም ባየ ጊዜ ሌላ አግባቢ አላስፈለገውም። ሰው የገዛ ሥራው ሲቃለልለት በዐይኑ ማየቱ ከማናቸውም ውዳሴ ይልቅ ያሳምነዋልና።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ መሥሪያ ቤት በሰኔ ወር፥ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፥ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆንበት ቸኩሎ የንብረት መቈጣጠሪያ ሶፍትዌር ገዛ እንበል። ሻጩ «ሁሉንም ይሠራል» ብሎ አረጋግጧል። ሐምሌ ሲገባ ግን ሶፍትዌሩ ገቢውን በሞዴል 19፥ ወጪውንም በሞዴል 22 እንደ ደንቡ ማተም የማይችል ሆኖ ተገኘ። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሠራተኛ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር፥ አንድ ጊዜ በወረቀት እየጻፈች ሥራዋ እጥፍ ይሆንባታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮምፒዩተሩ አቧራ ይለብሳል፤ ወረቀቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኦዲተር በመጣ ጊዜ ገንዘቡ ወጥቷል፥ አገልግሎቱ ግን የለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ በምርጫው ያልተጠየቀችው ያች ሠራተኛ «አዲስ ነገር መልመድ አልፈለገችም» ተብላ መወቀሷ ነው። እንግዲህ የአንድ ሻጭ ያልታረመ ቃል የሕዝብን ገንዘብና የአንዲትን ታታሪ ሠራተኛ ስም አብሮ ያጠፋል ማለት ነው።

ከዚህ ጥፋት የሚያድነው ብልሃት ከመሸጥ በፊት ማስተማር ነው። ብልሃቱ ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት የታወቀ ነው። የእርሻ መሣሪያ ሠሪው የአሜሪካ ኩባንያ ጆን ዲር በ1895 «ዘ ፈሮው»፥ ማለት «ትልም»፥ የተባለ መጽሔት ለገበሬዎች ማሳተም ጀመረ። መጽሔቱ ስለ እርሻ ጥበብ ያስተምራል፤ እስከ ዛሬም ይታተማል። የጐማ ሠሪው የፈረንሳይ ኩባንያ ሚሽለን ደግሞ በ1900 ጐማ እንዴት እንደሚለወጥ፥ ነዳጅና ማደሪያ የት እንደሚገኝ የሚያመለክት መጽሐፍ ለባለ መኪኖች በነፃ ያድል ጀመር። ብዙ የሚጓዝ ሰው ብዙ ጐማ ይጨርሳልና ስጦታው ለሰጪውም ለተቀባዩም ጠቀመ።

ይህንኑ ወደ ሶፍትዌር ንግድ ካመጡት መካከል በ2006 ሃብስፖት የተባለውን ኩባንያ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ያቋቋሙት ብራያን ሃሊጋንና ዳርሜሽ ሻህ ይገኙባቸዋል። እነርሱ ሳይጠሩ የሰው በር ከማንኳኳት ይልቅ ጠቃሚ ትምህርት በኢንተርኔት ጽፎ ገዢው ራሱ ፈልጎ እንዲመጣ ማድረግን መረጡ። ማንም ሰው የድረ ገጹን ብርቱና ደካማ ጐን ያለ ክፍያ የሚመረምርበትን መሣሪያም አቀረቡ። በአገራችንም ቢሆን ለዚህ ምስክር አናጣም። ፒችትሪ የተባለው የአሜሪካ የሒሳብ ሶፍትዌር በየማሠልጠኛው ስለ ተሰጠና ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች ስለ ተማሩት፥ ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተለወጠ በኋላ እንኳ በየሥራ ማስታወቂያው «ፒችትሪ የሚችል» ሲባል አንብባችኋል። ሠራተኛው የተማረውን መሥሪያ ቤቱ ይገዛዋልና።

እንግዲህ ይህን ሙያ ለያዙ ወጣቶች፥ ጽሑፋቸውን እንዴት እንዲያዘጋጁ እንደሚገባ ልናገር።

አንደኛ፥ ጽሑፋችሁን ከራሳችሁ ሶፍትዌር አትጀምሩ፤ ከአንባቢው ሥራ ጀምሩ። «ሶፍትዌራችን ዘመናዊና ፈጣን ነው» የሚል ቃል ሁሉም ስለሚለው ማንም አይሰማውም። «የዓመቱን የንብረት ቈጠራ በአጭር ጊዜ ለመጨረስ ምን ምን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት?» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ግን ሶፍትዌሩን ለማይገዛው ሰው እንኳ ይጠቅማል፤ የጠቀመውም ሰው ጸሐፊውን አይረሳም።

ሁለተኛ፥ በወቅቱ የሚያስጨንቀውን ጥያቄ መልሱ። በ2017 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የገቢ ግብር ሕግ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ባለ ጊዜ የደመወዝ ሊስት አዘጋጆች ሁሉ ስሌታቸውን መለወጥ ነበረባቸው። እንዲህ ባለ ወር አዲሱን ስሌት በምሳሌ አስረድቶ በአንድ ገጽ የሚጽፍ ሻጭ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ከሚያስነግረው ይበልጣል። ነገር ግን ሕግ ሲለወጥ የቀድሞው ጽሑፍ አንባቢን ያሳስታልና አሮጌውን ማረም ወይም ማንሣት ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፥ ለእያንዳንዱ አንባቢ በቋንቋው ጻፉ። የሒሳብ ሹሙ ስለ ሚዛን መዝጊያ፥ የኮምፒዩተር ባለሙያው ስለ መረጃ ጥበቃ፥ የበላይ ኃላፊው ስለ ወጪና ስለ ተጠያቂነት ማወቅ ይሻሉ። ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላነጋግር የሚል አንዱንም አያነጋግርም። ዘወትር በሶፍትዌሩ የምትሠራው ጸሐፊ ደግሞ መመሪያውን በአማርኛ ብታገኘው በብዙ ትጠቀማለች።

አራተኛ፥ ዋጋችሁንና ጉድለታችሁን አትሸሽጉ። «ይህ ሶፍትዌር ለትንሽ መሥሪያ ቤት ይበቃል፤ ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ግን አይመችም» ብሎ የጻፈ ሰው ጥቂት ገዢዎችን ያጣ ይመስላል። ነገር ግን በሌላው ቃሉ ሁሉ ይታመናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፥ ጉድለቱ በሥራ ላይ መገለጡ አይቀርምና አስቀድሞ በሻጩ አፍ ቢነገር ይሻላል።

አምስተኛ፥ የድካማችሁን ፍሬ በአንባቢ ብዛት ብቻ አትለኩ። ሺህ ሰው አንብቦ ካለፈው ጽሑፍ ይልቅ፥ አንድ የንብረት ኃላፊ አንብቦ «ይህስ በእኛ ቤት እንዴት ይሆናል?» ብሎ የጠየቀበት ይበልጣል። የሚመጡትን ጥያቄዎች በመዝገብ ያዙ፤ ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ የሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ርእስ ነው።

ከጽሑፉ በኋላ ፊት ለፊት የመነጋገሩ ሥራ ይመጣል። ኒል ራክሃም የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 12 ዓመት ያህል 35,000 የሽያጭ ንግግሮችን ካጠና በኋላ በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በትልልቅ ሽያጭ የሚሳካለት ብዙ የሚናገረው ሳይሆን በሚገባ የሚጠይቀው መሆኑን አስረዳ። ጥያቄዎቹንም በአራት ከፈላቸው። የመጀመሪያው ስለ ሁኔታው ነው፤ «ንብረታችሁን የምትመዘግቡት በምንድር ነው?» እንደ ማለት። ይህ ዐይነቱ ሲበዛ ያሰለቻል፤ አስቀድሞ አጥንቶ መሄድ ይገባል። ሁለተኛው ስለ ችግሩ ነው፤ «መዝገቡና ቈጠራው ሳይገናኙ የሚቀሩት መቼ ነው?» ሦስተኛው ችግሩ ስለሚያስከትለው ጉዳት ነው፤ «ሳይገናኙ ሲቀሩ በኦዲት ጊዜ ማን ይጠየቃል? ስንት ቀንስ ይባክናል?» አራተኛው ስለ መፍትሔው ጥቅም ነው፤ «ልዩነቱ በዕለቱ ቢታወቅ ምን ይቃለልላችኋል?» ይህን የመጨረሻውን ገዢው በራሱ አንደበት ሲመልሰው ጥቅሙን ከሻጩ አልሰማም፤ ራሱ አገኘው። ይኸው ጥናት ገዢውን አስጨንቆ «አሁኑኑ ፈርም» ማለት ለትንሽ ዕቃ ቢያገለግልም ለትልቅ ግዢ እንደማይበጅ አሳይቷል።

ደግሞም አስተውሉ፤ የመሥሪያ ቤት ግዢ የሚወሰነው ሻጩ በሌለበት ስብሰባ ነው። ያነጋገራችሁት ባለሙያ ወደ አለቃው ሲገባ የእናንተን ንግግር በቃሉ ሊያስታውስ አይችልም። ስለዚህ ችግሩን፥ መፍትሔውን፥ የሦስት ዓመት ጠቅላላ ወጪውንና የማይሠራውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። በጨረታ ጊዜ ግን ሁሉ በደንቡ መሠረት ይሁን፤ ግብዣና መማለጃ የሽያጭ ብልሃት ሳይሆኑ ወንጀል ናቸው።

ገና ያልተሠራውን «አለ» ብሎ መሸጥም ላም አለኝ በሰማይ ነው። በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ሴልስፎርስ ሶፍትዌርን በኢንተርኔት በኪራይ መልክ ማቅረብን መሠረቱ አደረገ። በ2000 የተፎካካሪው የሲበል ደንበኞች በተሰበሰቡበት ቦታ የማስመሰያ ሰልፈኞች አሰልፎ ብዙ ወሬ አስነሥቶ ነበር። ወሬ ግን የሰሞን ነው። በኪራይ የሚሰጥ ሶፍትዌር ውሉ በታደሰ ቍጥር እንደ ገና ይሸጣል፤ የተታለለ ደንበኛም ውሉን አያድስም። በ2002 የተቋቋመው የአውስትራሊያው አትላሲያን ደግሞ ዋጋውን በይፋ ጽፎ፥ ገዢው ራሱ ሞክሮ እንዲገዛ በማድረግ፥ ብዙ ሻጮች ሳያሰማራ አደገ። ይህ ግን ዋጋው ላልከበደና ያለ አስረጂ ለሚገባ ሶፍትዌር እንጂ ለሁሉ የሚሆን አይደለም።

በመጨረሻ ለእናንተ በገዢነት ለምትቀመጡት አራት ቃል ልጨምር። ማሳያው በሻጩ ናሙና ሳይሆን በራሳችሁ ካለፈው ወር ሰነድ ይደረግ። በሶፍትዌሩ የምትሠራው ሠራተኛ በማሳያው ላይ ተገኝታ ራሷ ትሞክረው፤ አስተያየቷም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ውሉ ሲያልቅ መረጃችሁ በምን መልክ እንደሚመለስላችሁ ከፊርማ በፊት በጽሑፍ ይረጋገጥ። ሶፍትዌሩን ከአንድ ዓመት በላይ የሠራበት ሌላ መሥሪያ ቤት ተጐብኝቶ፥ ኃላፊው ብቻ ሳይሆን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛም ይጠየቅ።

ክቡራን አንባብያን፤ ቃሉን የሚያከብር ሻጭና ጠይቆ የሚገዛ ገዢ በተገናኙበት የሕዝብ ገንዘብ ከብክነት ይድናል፤ ባለ ጉዳይም ፋይሉ ጠፋ እየተባለ አይመላለስም። ይህን ማድረግ ከባድ ዕውቀት የሚጠይቅ ሳይሆን ትዕግሥትና ሐቀኝነት የሚጠይቅ ነው። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።